ወዝ ያለው ድምፅ በርካሽ፦ ባለሱቁ የማይነግራችሁ

ይህን በሱቅ ደጃፍ ቆሜ አልናገረውም፤ ዕቃ በዱቤ ከሚሰጡኝ ነጋዴዎች ጋር ያጣላኛል። ግን የሰርግ ወቅት ሲቃረብ ከነፋስ መውጫም፣ ከመካነ ኢየሱስም፣ ከወገዳም የሚደወልልኝ ለአንድ ነገር ነው። ሞንታርቦ የሚያከራየውም አዝማሪውም የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው፦ «ማሲንቆን የማያንጫጫ፣ እንደ ድሮው የቫልቭ አምፕሊፋየር ወዝ ያለው፣ ኪስም የማይጎዳ ዕቃ የት ይገኛል?»

ሹክ ልበላችሁ። የምትፈልጉት ወዝ ብዙውን ጊዜ ያለው አምፕሊፋየሩ ውስጥ አይደለም፤ ከእሱ በፊትና ከእሱ በኋላ ነው። ሻጩ ይህን ቢነግራችሁ ውዱን ዕቃ ማን ይገዛዋል?

መጀመሪያ ስለዚያች ስለምታበራዋ ዕቃ። አይታችኋታል፤ ትንሽ ናት፣ ቻይና ሰራሽ ናት፣ አናቷ ላይ ሁለት የመስታወት ቫልቭ ቆመውባት ከሥራቸው ብርቱካናማ ብርሃን ይወጣል። እውነተኛ ቫልቭ ውስጡ ያለው ክር ግሎ ኤሌክትሮን ሲለቅ የሚሠራ ዕቃ ነው፤ በወጉ ለመሥራትም ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ቮልት ይፈልጋል። ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ሞገዱን ቀስ በቀስ ያጎብጠዋል እንጂ በአንዴ አይቆርጠውም፤ ለስላሳነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ትራንዚስተር ግን አቅሙ ሲያልቅ የሞገዱን ጫፍ በመቀስ እንደተቆረጠ ያደርገዋል። በሰርጉ እኩለ ሌሊት ጆሮ የሚሰነጥቀው ያ ነው።

ትንሿ ዕቃ ውስጥ ያለው ቫልቭ ብዙውን ጊዜ 6ጄ1 የሚባለው ነው፤ የሚሠራውም ከሚገባው በጣም ባነሰ ቮልት ነው። ድምፁን በእርግጥ የሚያጎላው ከታች የተደበቀ ቲፒኤ3116 የሚባል ቺፕ ነው። ብርሃኑም በብዙዎቹ የቫልቩ አይደለም፤ ከሥሩ የተተከለች ኤልኢዲ ናት። ሱቅ ውስጥ እንዲህ ፈትኑ፦ ስልካችሁን ሰክታችሁ ዘፈን ክፈቱ፤ ዕቃዋን አጥፉና ጥቂት ደቂቃ ትቀዝቅዝ፤ ከዚያ መልሳችሁ አብሩ። ድምፁ የሚያልፈው በቫልቩ በኩል ከሆነ እስኪሞቅ ድረስ አሥር ሃያ ሴኮንድ ያስጠብቃል። ወዲያው ከዘፈነች ቫልቩ ለጌጥ የተቀመጠ ነው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋትም አትመኑ። መብራት ባልገባበት ቀበሌ ሰርግ የምንሠራው በሶላር ባትሪ ነው። 12 ቮልት የሚጎርስ እንዲህ ያለ ቺፕ በ8 ኦም ስፒከር ላይ ሳይቆራረጥ የሚሰጠው ወደ 9 ዋት ብቻ ነው፤ ካርቶኑ 100 ቢልም 200 ቢልም። ሁለት ባትሪ በተከታታይ አያይዛችሁ 24 ቮልት ካደረጋችሁት ኃይሉ በአራት እጥፍ አድጎ ወደ 36 ዋት ይደርሳል። ግን ተጠንቀቁ፤ ቺፑ የተሠራው እስከ 26 ቮልት ነው፣ ሁለቱ ባትሪዎች ደግሞ ቻርጅ ላይ ሳሉ ወደ 28 ይጠጋሉ። ሶላሩን ሳትነቅሉ ከተጫወታችሁ አምፕሊፋየሩ ሙሽራዋ ሳትገባ ይቃጠላል።

አሁን ወደ ዋናው ምሥጢር። አዝማሪዎቻችን ማሲንቆው ቆዳ ላይ የሚለጥፏት ክብ የናስ ሳህን፣ ከተበላሸ ማንቂያ ደወል ወይም ከመጫወቻ የምትወጣዋ ፒዞ፣ ጥሩ ማይክራፎን ናት። የሚገድላት የምንሰካበት ቦታ ነው። ፒዞ በባሕርይዋ የምትሰጠው ጉልበት እጅግ ደካማ ነው፤ ሚክሰሩ መግቢያ ላይ ያለው ተቃውሞ ትንሽ ከሆነ ወፍራሙን ድምፅ ውጦ ቀጭኑን ብቻ ያስተርፋል። የተለመደችው ፒዞ ወደ 20 ናኖፋራድ ናት፤ የሚክሰር ላይን መግቢያ ደግሞ ብዙ ጊዜ 10 ሺህ ኦም አካባቢ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ከ800 ኸርትዝ በታች ያለው እየሳሳ ይሄዳል፤ የማሲንቆው ሆድ የሚገኘው ደግሞ እዚያው ነው። ፒዞዋን ማይክራፎን መግቢያ ላይ ብትሰኳት ይብስባታል። «ማሲንቆዬ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል» የሚለው አዝማሪ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

የድሮ የጊታር ቫልቭ አምፕሊፋየሮች መግቢያ ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊዮን ኦም ነበር። በዚያ መግቢያ ላይ ያችው ፒዞ እስከ 8 ኸርትዝ ድረስ ትወርዳለች፤ ማለትም ሙሉ ድምፁን ትሰጣለች። ሰው ቫልቩን የሚያመሰግነው ብዙ ጊዜ በመግቢያው ሥራ ነው። ይህን ደግሞ ያለ ቫልቭ ማግኘት ይቻላል። ካውያ የያዘ ማንኛውም ሬዲዮ ጠጋኝ አንድ ጄፌት ትራንዚስተር፣ አንድ ባለ 1 ሚሊዮን ኦም ሬዚስተር፣ ጥቂት ትናንሽ ዕቃዎችና አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ በትንሽ የብረት ቆርቆሮ ውስጥ አስገብቶ ይበይድላችኋል። ከማሲንቆው እስከ ሳጥኑ ያለው ገመድ አጭርና ሽፋን ያለው ይሁን፤ ከዚያ ወዲያ የፈለጋችሁትን ያህል ይርዘም። መሥራት ያልፈለገ አክቲቭ ዲአይ ቦክስ ይግዛ፤ ሥራው ያው ነው።

ከአምፕሊፋየሩ በኋላ ያለው ስፒከሩ ነው። በአንድ ዋት 97 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር 91 ከሚሰጠው ጋር ለመስተካከል የሚፈልገው ኃይል ሩቡን ብቻ ነው። የድሮዎቹ የቫልቭ አምፕሊፋየሮች በጥቂት ዋት አዳራሽ ይሞሉ የነበረው ስፒከራቸው እንዲህ ያለ ስለነበር ነው። ለማሲንቆና ለክራር ባለ 12 ኢንች የወረቀት ስፒከር፣ ያለ ጥሩምባ፣ ከሁሉ ይሻላል። ጥሩምባ ካለው ሚክሰሩ ላይ «ቤዝ» ከመጨመር «ሃይ»ን ቀንሱ፤ ድምፁ ይወፍራል፣ ፉጨቱም ይቀንሳል።

የአያት የቫልቭ ሬዲዮ ቤት ውስጥ ያላችሁ፣ አዎ፣ ከጀርባው የግራሞፎን መግቢያ ካለው አምፕሊፋየር ይሆናል፤ ድምፁም ደስ ይላል። ግን ኃይሉ ከጥቂት ዋት አያልፍም፤ ለሳሎን እንጂ ለዳስ አይሆንም። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮችም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ነፍስ የሚያጠፋ ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። የማያውቅ ሰው አይክፈተው። ከወገዳ ወደ ቆላው በበቅሎ የሚጫን መስታወት ደግሞ ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ።

አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ የወጡትን ሸክላዎች እየጠቀሱ «ያንን ድምፅ ስጠኝ» የሚሉኝም አሉ። ያ ድምፅ የአንድ ዕቃ ሥራ አይደለም፤ ቴፑም ሲገፋ እንደ ቫልቭ ያለሰልሳል፣ ሸክላውም የራሱን ይጨምራል፤ ከሁሉም በላይ ተጫዋቾቹ በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው ይጫወቱ ነበር። ያንን በአንድ ሳጥን የሚሸጥላችሁ ሰው ይዋሻል።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወዷል፤ ስለዚህ ገንዘባችሁን በቅደም ተከተል አውጡ። መጀመሪያ የመግቢያዋ ሳጥን፤ ከሁሉ ርካሽዋ እሷ ናት፣ ለውጧም ከሁሉ ይበልጣል። ቀጥሎ ጥሩ የወረቀት ስፒከር። አምፕሊፋየሩ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ ያገለገለ፣ ከባድ ትራንስፎርመር ያለው፣ ከሚያስፈልጋችሁ ኃይል ሁለት ሦስት እጥፍ የሚችል ይሁን፤ አቅሙ ጫፍ ካልደረሰ አይቆራርጥምና። ባለሱቁ የምታበራዋን ሲያቀርብላችሁ ስንት ዋት ናት ብላችሁ አትጠይቁት፤ ስንት ቮልት ትጎርሳለች በሉት። ማን እንደነገራችሁ ቢጠይቃችሁ ግን እኔን አታውቁኝም።