የቮልስዋገን ልብ፦ የዘይት ፓምፕ መቼና እንዴት ይለወጣል?

አንባቢ ሆይ፤ ከወር ደመወዝህ ቆጥበህ አንዲት አሮጌ ቮልስ ገዝተህ እንደ ሆነ፣ ወይም ከዘመድ ተላልፋልህ እንደ ሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ላንተ ነው። የዚህች መኪና ሥራ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ እስኪቋረጥ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ ያለውን ሞተር ጠብቆ ማቆየት የብልህ ሥራ ሆኗል።

ደም ለሰው እንደ ሆነ ሁሉ ዘይትም ለሞተር ነው። ደሙን የሚረጨው ልብ ደግሞ የዘይቱ ፓምፕ ነው። ቮልስ የማቀዝቀዣ ውሃ ስለሌላት፣ 2 ሊትር ተኩል የሚሆነው ዘይቷ ሁለት ሥራ አለበት፤ ብረትን ከብረት ያለሰልሳል፣ ሙቀቱንም ተሸክሞ ያወጣል። ፓምፑ ራሱ ቀላል ነገር ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ተናክሰው የሚዞሩ ሁለት ጥርሶች ናቸው፤ የሚያዞራቸውም ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ ነው።

መብራቷ ምን ትላለች?

በብዙዎቹ አሮጌ ቮልሶች የዘይቱ መብራት አረንጓዴ ናት። ቁልፉን ስታዞር ትበራለች፤ ሞተሩ ሲነሣ ትጠፋለች። እየነዳህ ሳለ ብትበራ፣ «እስከ ቤት ልድረስ» አትበል። ዳር ይዘህ ሞተሩን ወዲያው አጥፋ። ዘይት ያጣ ብሮንዚን ሲቃጠል ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ ወጪው የፓምፕ ሳይሆን የሙሉ ሞተር ነው።

ሞተሩ ሞቆ በቀስታ ሲዞር ብቻ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ግን፣ ፓምፕ ለመግዛት አትቸኩል። መጀመሪያ የዘይቱን ልክ እይ። ዘይቱን አሽትት፤ ቤንዚን ቤንዚን ካለ ቀጥኗልና መለወጥ አለበት። የመብራቷ ማብሪያም ሊበላሽ ይችላል። የግፊት መቈጣጠሪያው ፒስቶንና ሞላም በቆሻሻ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው፣ መካኒክ በመለኪያ ግፊቱን እንዲያይልህ ማድረግ ነው። ሞተሩ ሞቆ በደቂቃ 2500 ዙር ሲዞር ግፊቱ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ2 ኪሎ ገደማ ከወረደ፣ ጥፋቱ የፓምፑ ወይም የብሮንዚኑ ነው።

አፈታቱ

የቮልስ ፓምፕ የሚለወጠው ሞተሩ ሳይወርድ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዘይቱን አፍስስ። ቺንጊያውን አውጣ፤ የፑሌጃውን ትልቅ ቡሎን በ30 ቁልፍ ፍታ፤ ፑሌጃውንና ከጀርባው ያለውን ቆርቆሮ አንሣ። በአራት ዳዶ የታሰረውን የፓምፕ ክዳን ታገኛለህ።

ክዳኑን ከፍተህ ከውስጥ በኩል እየው። ጥርሶቹ ክብ ቦይ ቆፍረውበት ከሆነ ግፊቱ የሚያመልጠው በዚያ ነው። ቀጥ ያለ ብረት በፓምፑ አፍ ላይ አጋድመህ፣ ከጥርሶቹ ጋር ያለውን ክፍተት በስስ መለኪያ ለካ። ከ0.1 ሚሊ ሜትር ከበለጠ አልቋል። የተበላው ክዳኑ ብቻ ከሆነ ግን ገንዘብህ ተረፈ። ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በመስታወት ላይ ዘርግተህ፣ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገህ ክዳኑን እስኪስተካከል ማሸት ትችላለህ።

ቤቱ ራሱ ካለቀ በመንቀያ መሣሪያ ይውጣ። በካቻቢቴ እየጎረጎረ ሊያወጣው የሚሞክር ቢኖር አስቁመው። የሞተሩ አካል ለስላሳ ብረት ስለ ሆነ ይቆስላል፤ ቁስሉም ዘይት ሲያፈስስ ይኖራል።

ስትገዛና ስትገጥም

እስከ እ.ኤ.አ. 1971 ገደማ በተሠሩት ሞተሮች የዘንጉ ጥርስ በሦስት ሪቬት የተያዘ ነው፤ በኋለኞቹ በአራት። የአንዱ ፓምፕ ለሌላው አይሆንም። የአሮጌ መኪና ሞተር ደግሞ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል፣ የሊብሬውን ዓመት ብቻ አትመን፤ የወጣውን ፓምፕ ይዘህ ወደ ሱቅ ሂድ።

ስትገጥም ሁሉንም በሚገባ አጽዳ። ጓርኒሲዮኑ ስሱ የራሱ ይሁን፤ ወፍራም ካርቶን ቀድደህ ብታገባ ክፍተቱ ሰፍቶ የደከምክበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የፓምፑ ምላስ ከዘንጉ ስንጥቅ ገብቶ ቤቱ መካከሉን እንዲያገኝ፣ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው። ጥርሶቹን በቫዝሊን ሙላ፤ ባዶ ፓምፕ አየር እንጂ ዘይት አይስብም። ከዚያ ክዳኑን አግባና ዳዶዎቹን በትይዩ፣ በመጠኑ አጥብቅ።

አዲስ ዘይት ከጨመርክ በኋላ የኮይሉን ቀጭን ሽቦ ንቀል፤ ጫፉ ብረት እንዳይነካ ጠብቅ። መብራቷ እስክትጠፋ ድረስ በአጭር በአጭሩ ሞተሪኖውን አዙር። ከዚያ ሽቦውን መልሰህ አስነሣ፤ ከፓምፑ ዙሪያ ዘይት የሚያንጠባጥብ እንዳለም እይ።

አዲሱ ፓምፕ ገብቶ መብራቷ አሁንም ካልጠፋች ብሮንዚኑ ሰፍቷል ማለት ነው፤ ሌላ ፓምፕ አትግዛ። ከዚህ መከራ የሚያድንህ ዘይቱን በየ5000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥና ማጣሪያ ወንፊቱን ማጠብ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለውም ነገር ይሠራል።