ቪዲዮ ወደ ዲቪዲ ሲገለበጥ ጥራቱ እንዴት ይጠበቃል?

የሠርግ ቪዲዮ ከኮምፒውተር ወደ ዲቪዲ ሲገለበጥ ምስሉ የሚደበዝዘው በአብዛኛው በዲስኩ ጉድለት ሳይሆን፣ ዲቪዲ የሚጠቀምበት ኤምፔግ-2 የተባለ የቆየ የማመቂያ ስልት በቂ ቢትሬት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሰከንድ የሚመደብ የመረጃ መጠን፣ ስለማያገኝ ነው። ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት በመሆኑ ለአንድ ሰዓት ቪዲዮ በሰከንድ 8 ሜጋቢት መመደብ ሲቻል፣ ለሁለት ሰዓት ግን ድምፁን ጨምሮ ከ5 ሜጋቢት ብዙም አያልፍም፤ የአራት ሰዓት ሠርግ በአንድ ዲስክ ሲታጨቅ በጭፈራው መሀል የሙሽራዋ ቀሚስ ጥልፍ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች የሚሰባበረውም በዚሁ ምክንያት ስለሆነ፣ ቪዲዮውን ለሁለት ዲስክ መክፈል ከማንኛውም የማሻሻያ ሶፍትዌር የተሻለ መፍትሔ ነው። ሶፍትዌሩ ፋይሉን በመጀመሪያው ዙር መርምሮ በሁለተኛው የሚያምቅበት አሠራርም፣ ጊዜ ቢወስድም፣ ፈጣን እንቅስቃሴ ላለበት ትዕይንት ብዙ፣ ለረጋው ጥቂት መረጃ ስለሚያከፋፍል ሊመረጥ ይገባል።

ኢትዮጵያ በምትከተለው ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የዲቪዲ ምስል 720 በ576 ነጥብ ሆኖ በሰከንድ 25 ፍሬም ስለሚታይ፣ ቀረጻው ከመነሻው በ25 ፍሬም ቢከናወን እንቅስቃሴው አይንቀጠቀጥም። ድምፁ በ48 ኪሎኸርዝ ይዘጋጃል፤ በቀረጻ ጊዜ ከልክ በላይ ጮሆ የተሰነጠቀ ድምፅ ግን በኋላ ሙሉ በሙሉ አይታረምም። ቪዲዮው እንደገና በታመቀ ቁጥር ጥራቱ ስለሚቀንስ፣ ዲስኩ ከተዘጋጀም በኋላ ዋናው ፋይል ፈጽሞ ሊሰረዝ አይገባም።