በፕሮሰሰር የሚሸፈነው የግራፊክስ ካርድ ልዩነት

ኮምፒውተር ጌም ሲያጫውት እያንዳንዱን ፍሬም ሁለት ክፍሎች ተቀባብለው ይሠሩታል። ፕሮሰሰሩ ማን የት እንደቆመ፣ ምን ከምን እንደተጋጨ፣ ምን መሣል እንዳለበት አስልቶ ትእዛዝ ይልካል፤ ግራፊክስ ካርዱ በትእዛዙ መሠረት ምስሉን ነጥብ በነጥብ ይሥላል። ካርዱ አንዱን ፍሬም ሲሥል ፕሮሰሰሩ ቀጣዩን ያሰናዳል። በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሚወጣ የሚወስነው እንግዲህ ከሁለቱ የዘገየው ነው።

አንድ ፕሮሰሰር ፍሬም ለማሰናዳት 10 ሚሊሰከንድ ከፈጀበት በሰከንድ ከ100 በላይ ማቅረብ አይችልም። አንዱ ካርድ ፍሬሙን በ8፣ ሌላው በ4 ሚሊሰከንድ ይሥላል እንበል። አቅማቸው 125 እና 250 ቢሆንም እዚህ ፕሮሰሰር ላይ ሁለቱም 100 ያሳያሉ። ከአይሱዙ ላይ ጭድ የሚያወርደው ሰው አንድ ብቻ ከሆነ፣ ከታች የሚቀበለው ተሸካሚ የቱንም ያህል ቢፈረጥም መኪናው የሚራገፍበት ሰዓት ያው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ በተለይ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ካርድ የሚጨምርበትን ሰው ይመለከታል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 4 ኮሩ ኢንቴል ኮር አይ 5-4590 ላይ በ2021 የወጣ አርቲኤክስ 3060 ቢሰካ፣ ፕሮሰሰር በሚያደክሙ ጌሞች የካርዱ አቅም ከፊሉ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ማነቆውን ለማወቅ የሚታየው የካርዱ የሥራ መጠን ነው። የፍሬም ገደብ ሳይኖር ካርዱ ከ95 በመቶ በታች ከሠራ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ፕሮሰሰሩን ነው። የፕሮሰሰሩ አጠቃላይ መጠን ግን ያታልላል፦ ጌሙ በአንድ ኮር ላይ ከተደገፈና ያ ኮር ከሞላ፣ ባለ 4 ኮሩ ፕሮሰሰር 25 በመቶ ብቻ የሠራ ሊመስል ይችላል።

የተደበቀውን ልዩነት የሚያወጣው የምስሉን ጥራት ከፍ ማድረግ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ምስል 2,073,600 ነጥብ አለው፤ 3840 በ2160 የሆነው ደግሞ 8,294,400። የካርዱ ሥራ ወደ አራት እጥፍ ሲጠጋ የፕሮሰሰሩ ብዙም አይለወጥም። ከላይ ያሉት ካርዶች 32 እና 16 ሚሊሰከንድ ቢፈጅባቸው በሰከንድ 31 እና 62 ፍሬም ያወጣሉ፤ እኩል የመሰሉት አንዱ የሌላውን እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ካርድ የሚፈትኑ ባለሙያዎች በገበያው ፈጣኑን ፕሮሰሰር የሚመርጡትም ለዚሁ ነው። ፕሮሰሰር ሲፈትኑ ደግሞ በተቃራኒው ኃይለኛ ካርድ ይሰኩና ጥራቱን ዝቅ ያደርጋሉ።

ደካማ ፕሮሰሰር ደረጃን እስከመገልበጥም ይደርሳል። ካርዱን የሚያዝዘው ሶፍትዌር፣ ማለትም ድራይቨሩ፣ ራሱ የሚሠራው በፕሮሰሰሩ ላይ ነውና። በ2021 ሃርድዌር አንቦክስድ የተባለው የዩቲዩብ ቻናል ያካሄደው ፍተሻ፣ በዳይሬክትኤክስ 12 ጌሞች የኤንቪዲያ ድራይቨር ከኤኤምዲ ይበልጥ ፕሮሰሰሩን እንደሚያደክም አሳይቷል፤ በዝግተኛ ፕሮሰሰር ላይ በደረጃ የሚያንሱ የኤኤምዲ ካርዶች ከፍ ያሉትን የኤንቪዲያ ካርዶች የቀደሙበት ጊዜ ነበር።