ያውቁ ኖሯል? ቤተሰብ በንብ ማነቢያ ስፍራ

ንብ አናቢ ቀፎ ከመክፈቱ በፊት የሚያጨሰው ንቦቹን ለማባረር አይደለም። ንቦች አደጋ ሲሰማቸው የሚረጩትን የማስጠንቀቂያ ሽታ ጭሱ ይሸፍነዋል፤ ማር ወደ መጠጣት ስለሚያዘነብሉም ቁጣቸው ይበርዳል። የኢትዮጵያ ንብ ቁጡ በመሆኗ ቀፎ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ሲመሽ ነው። በቀን የሚጎበኝ ቤተሰብ ነጣ ያለ ልብስ ለብሶ፣ ሽቶ ሳይቀባ፣ ከቀፎው በር ፊት ገለል ብሎ ቢመለከት ይሻላል። ለልጆች ከሁሉ የሚያስደስተው ድንጉላው ነው፦ ወንዱ ንብ መንደፊያ ስለሌለው በመዳፍ ሊያዝ ይችላል። በአንድ የሻይ ማንኪያ የሚቀመሰው ማር የበርካታ ሠራተኛ ንቦች የዕድሜ ልክ ልፋት ነው። ቀለሙን የሚወስነው ንቦቹ የቀሰሙት አበባ ነው፤ ገተም ነጭ፣ ግራዋ ጠቆር ያለ ማር ይሰጣል።