ረጅም ፀጉር ያላቸውን ውሾች በውሃ ቀለም የመሣል ጥበብ

አዲስ አበባ፦ ሥዕልን ከመደበኛ ትምህርት ቤት ውጪ፣ ለምሳሌ ቃሊቲ ማረሚያ ቤትን በመሰለ ብዙ ሰው በጠባብ ስፍራ በሚኖርበት ተቋም ለማስተማር ሲታሰብ፣ በቅድሚያ የሚነሳው የቁሳቁስ ጉዳይ ነው። የዘይት ቀለም የሚቀጥነውም ሆነ ብሩሹ የሚታጠበው ሽታው በሚከብድና በቀላሉ በእሳት በሚያያዝ ፈሳሽ ሲሆን፣ ሥዕሉ እስኪደርቅም ቀናት ይወስዳል። ለውሃ ቀለም ግን ጥቂት ቀለማት የያዘች አነስተኛ ሣጥን፣ ሁለት ወይም ሦስት ብሩሽ፣ ወፍራም ወረቀትና አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃሉ። ቀለሙን አጣብቆ የሚይዘውም በአገራችን ቆላማ አካባቢዎች ጭምር ከሚበቅል የግራር ዝርያ የሚለቀም ሙጫ ነው።

የቁሳቁሱ ቅለት ግን የአሠራሩን ክብደት አያስቀርም። ለጀማሪ ከሚመረጡት እንስሳት አንዱ ውሻ ነው፤ በፊቱ ባይቆም እንኳ መልኩን በትዝታ የማያውቅ ሰው የለምና። አብዛኞቹ የአገራችን ውሾች አጭር ፀጉር ስላላቸው የአካላቸው ቅርጽ በግልጽ ይታያል። ረጅም ፀጉር ያለው ውሻ ሲመጣ ግን ሠዓሊው አጥንቱንና ጡንቻውን ረስቶ ፀጉር መቁጠር ይጀምራል። በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን መስመሮች ይደረድርና በመጨረሻ ውሻ ሳይሆን የተበተነ ጭድ የሚመስል ነገር ያገኛል።

የስህተቱ መነሻ የውሃ ቀለምን ባሕርይ አለመረዳት ነው። ይህ ቀለም ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ ብሩህነቱ የሚመነጨው ከሥሩ ካለው ወረቀት ነው። በጥቁር ላይ ነጭ ደርቦ ማስተካከል በዘይት ቀለም የተለመደ ቢሆንም እዚህ አይሠራም። ስለዚህ ሥራው ከፈካው ወደ ጠቆረው ይሄዳል፤ ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበት ፀጉርም ብሩሽ ሳይነካው እንዲቆይ አስቀድሞ ይወሰናል። የጉሬዛን ጥቁርና ነጭ ካባ በዓይነ ኅሊናው የሚያይ አንባቢ ችግሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ በዚያ ሥዕል ላይ ነጩ ፀጉር የሚሣለው በዙሪያው ያለውን ጥቁር በመቀባት ነው።

በተግባር ሥራው የሚጀመረው ፀጉሩ ወዴት እንደሚተኛ በማጥናት ነው። ፀጉሩ ከአፍንጫ ወደ ግንባር፣ ከግንባር ወደ አንገት፣ ከትከሻ ወደ ታች አቅጣጫውን እየለዋወጠ ይፈስሳል። የእርሳሱ ንድፍ ይህንኑ ፍሰትና ከሥሩ ያለውን የአካል ቅርጽ ብቻ ያመለክታል። ቀጥሎ ወረቀቱ በንጹህ ውሃ ይርሳል፤ እርጥበቱ ሳይጠፋም የፈካው ቀለም ይለቀቅበታል። ቀለሙ በራሱ እየተንሰራፋ የሚፈጥረው ለስላሳ ጠርዝ የትኛውም ጥንቃቄ የተሞላበት መስመር ሊተካው የማይችል የፀጉር ስሜት ይሰጣል። ይህ ከደረቀ በኋላ ፀጉሩ የሚከፋፈልባቸው፣ ጥላ የሚያርፍባቸው ክፍተቶች ብቻ ጠቆር ባለ ቀለም ይለያሉ። ዓይን የሚያየው ነጠላ ፀጉር ሳይሆን ጉንጉን ነው። ቀጫጭን መስመሮች የሚጨመሩት መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ቦታቸውም ጆሮ ጫፍ፣ አገጭና ጅራት ላይ ይወሰናል፤ እዚያም ቢሆን ብሩሹ ከውሃው ተጠርጎ ደረቅ እስኪል ድረስ ይጠበቃል።

ጥቁር ውሻ ሲሣል ከሣጥኑ የተገኘውን ጥቁር እንዳለ መጠቀም ሥዕሉን ያደነዝዘዋል። ሰማያዊና ቡናማ ቀላቅሎ የሚገኘው ጥቁር ሕይወት አለው፤ ፀሐይ በሚያርፍበት ጎን ወደ ሰማያዊነት እንዲያደላ ማድረግም ይቻላል።

ነጭ ቀለም ጨርሶ አይነካም ማለት ግን አይደለም። ጀርመናዊው አልብሬክት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1502 የሣላትና ዛሬ በቪየና አልበርቲና ሙዚየም የምትገኘው ጥንቸል በውሃ ቀለም የተሠራች ስትሆን፣ ሠዓሊው ለጥቂት ፀጉሮች ድፍን ነጭ ተጠቅሟል። ልዩነቱ ነጩ ሥራውን ለመጨረስ እንጂ ስህተትን ለመሸፈን አለመዋሉ ነው።

በውሃ ቀለም እንስሳትን በመሣል የኢትዮጵያን ስም ካስጠሩት አንዱ አሜሪካዊው ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ ነው። በ1919 ዓ.ም. ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም የጥናት ቡድን ጋር ወደ አገራችን መጥቶ ከአንድ መቶ በላይ የአዕዋፍና የአጥቢ እንስሳት ሥዕሎችን አዘጋጀ። የዓይንና የባዶ ቆዳ ቀለም እንስሳው ከሞተ በኋላ ቶሎ ስለሚደበዝዝ፣ በድንኳን ውስጥ በዚያው ዕለት ሠርቶ መጨረስ ነበረበት። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ከውሃ ቀለም የተሻለ አልነበረም። ፉዌርቴስ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ነሐሴ 16 ቀን 1919 ዓ.ም. በኒውዮርክ ግዛት መኪናው ከባቡር ጋር ተጋጭታ ሕይወቱ አለፈ። አብረውት የነበሩት የኢትዮጵያ ሥዕሎች ግን ከአደጋው ተረፉ፤ ከእነርሱ የተመረጡትንም ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1930 በአልበም አሳትሟቸዋል።

የፀጉርን ቀለምና አቀማመጥ በትክክል መሣል ለአገራችን ከውበት ያለፈ ጥቅም አለው። ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘውና ቁጥሩ ከ500 እንደማይበልጥ የሚገመተው ቀይ ቀበሮ የውሻ ቤተሰብ ነው። በባሌ ተራሮች ከመንደር ውሾች ጋር ተዳቅሎ የተገኘበት ጊዜ አለ፤ ከውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታም እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2003 በተከሰቱት ወረርሽኞች በርካታ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ዲቃላው የሚለየው በአጠር ያለ አፍንጫው፣ በደንዳና ሰውነቱና በፀጉሩ የቀለም አቀማመጥ ነው። ለአርሶ አደሩና ለፓርክ ጥበቃ ሠራተኛው የሚዘጋጅ ሥዕል የቀበሮውን ነጭ ጉሮሮና ደረት፣ የእግሩን ውስጠኛ ነጭ እንዲሁም ሥሩ ነጭ ሆኖ ጫፉ የጠቆረውን ጅራት ካላሳየ፣ ተመልካቹ ቀይ ውሻን ከቀይ ቀበሮ የሚለይበት ምልክት አያገኝም።