የወንጂ ጉድጓድ

አንገታቸውን ማዞር የተሳናቸው፣ ወገባቸው የጎበጠ፣ እግራቸው እየከዳቸው የሄደ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ በሽተኛ ሲመጣ ሐኪም ቀድሞ ከሚጠረጥራቸው አንዱ የአከርካሪ ቲቢ ነው። ቲቢ ግን አጥንት ይበላል፤ የእነዚህ ሰዎች አጥንት በራጅ ሲታይ እንዲያውም ወፍሮ፣ ነጥቶ ይገኛል። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነበር፦ ወንጂ ሸዋ ስኳር ፋብሪካ።

ወንጂን የተከለው ኤች ቪ ኤ የተባለ የሆላንድ ኩባንያ ነው። የኢንዶኔዥያ ነጻነት እዚያ የነበሩትን እርሻዎቹን ስጋት ላይ ሲጥልበት ፊቱን ወደ ኢትዮጵያ አዞረ፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ጀመረ። የጂሌ ኦሮሞ ከብት ይግጥበት የነበረው የአዋሽ ዳር ሜዳ አገዳ ለበሰ። ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ወጣቶች ለአገዳ ቆረጣ ጎረፉ።

የሕመማቸውን መንስኤ ማወቅ ያወሳሰበው ጥርስ ነው። ወንጂ ባለበት በስምጥ ሸለቆ የተወለደ ልጅ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ይበልዛል፤ የውሃው ፍሎራይድ እንደሆነ ወዲያው ያስታውቃል። ጎልምሶ ከደጋ የመጣው ሠራተኛ ጥርስ ግን ምንም ላያሳይ ይችላል። ፍሎራይድ ጥርስን የሚያበላሸው ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ነውና። አጥንት ዕድሜውን ሙሉ ይታደሳል፤ በታደሰ ቁጥር ፍሎራይድ ያጠራቅማል። ጅማቱ ወደ አጥንትነት ይለወጣል፣ የአከርካሪው ቦይ ይጠባል፣ ኅብለ ሰረሰር ይጨፈለቃል።

የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጡት ጥናት የአጥንቱ ሕመም መጀመሪያ የታየባቸውን ለየ፦ በሊትር ከ8 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ያለበትን የጉድጓድ ውሃ ከ10 ዓመት በላይ የጠጡ ሠራተኞች። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ 1.5 ሚሊግራም ነው።

ፍሎራይዱ ከእሳተ ገሞራ ዐለት የሚመጣ የተፈጥሮ ነገር ነው የሚል ክርክር አለ። እውነት ነው። ሰውን በሺዎች አምጥቶ ጉድጓዱ አጠገብ ያሰፈረው ግን ስኳሩ ነው። ከአዋሽ የተጠለፈው ውሃ በቦይ ወደ አገዳው ሲፈስ፣ አገዳውን የሚቆርጠው ሰው ከጉድጓድ ይጠጣ ነበር። ይህ ያስቆጣኛል።

ደርግ እ.ኤ.አ. በ1975 ኩባንያውን ሲወርስ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተቀጠሩት ሰዎች አጥንት ፍሎራይድ ሲያጠራቅም ከርሟል። ውሃ ማጣራት ለልጆቻቸው ይደርሳል፤ የጎበጠ አከርካሪ ግን አያቀናም። ካሳ ይገባቸው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የት እንደሠሩና ስንት ዓመት እንዳገለገሉ ከቅጥር ፋይላቸው ማወቅ ይቻል ነበርና።