ባግዳድን ያስመረጠ ኤምባሲ

ሉክሰምበርግ በአውሮፓ እምብርት የምትገኝ፣ በባንኮቿና በጸጥታዋ የምትታወቅ ትንሽ አገር ናት። እዚያ የተመደበ ዲፕሎማት በባልደረቦቹ ዘንድ እንደ ዕድለኛ ይቆጠራል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2010 በዚያ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ይሠሩ ከነበሩት ከፍተኛ ሠራተኞች አብዛኞቹ የሥራ ጊዜያቸውን አሳጥረው ለቀዋል፤ አለዚያም ወደ ካቡልና ወደ ባግዳድ ለመዛወር ፈቃደኛ መሆናቸውን አስታውቀዋል። ከእነዚህም መካከል ሁለት ምክትል የሚስዮን መሪዎችና ሁለት የክፍል ኃላፊዎች ይገኙበታል። በዚያ ዘመን በካቡልና በባግዳድ የቦምብ ፍንዳታ የተለመደ ወሬ ነበር።

ይህን ለአደባባይ ያበቃው የተቃዋሚ ጋዜጣ አልነበረም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የራሱ ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት ነው። በ2011 መጀመሪያ ይፋ በሆነው ሪፖርት መሠረት፣ የኤምባሲው ውስጣዊ ችግር በአብዛኛው የመነጨው ከአምባሳደሯ ከሲንቲያ ስትሩም የአመራር ጉድለት ነው። ስትሩም ከሲያትል ከተማ የመጡ የንግድ ሰው ሲሆኑ፣ የሚታወቁትም ለባራክ ኦባማ የምርጫ ዘመቻ ገንዘብ በማሰባሰብ ነበር። ሪፖርቱ አመራራቸውን ሠራተኛን የሚያሸማቅቅና የሚያስፈራራ ሲል ገልጾታል። ለእሳቸው ጊዜያዊ መኖሪያ ለማግኘት ሠራተኞቹ 200 ያህል ቤቶችን አጣርተዋል። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲቃረብም ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን 3,400 ዶላር ገደማ ለወይንና ለሌሎች የአልኮል መጠጦች መግዣ ውሏል። ሪፖርቱ ለሕዝብ ሲደርስ አምባሳደሯ ከቀናት በፊት ሥራቸውን ለቀው ነበር።

መጠኑን ያየ ሰው 3,400 ዶላር ለኃያል መንግሥት ምኑ ነው ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ገንዘቡ ትንሽ ነው። ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው ግን የሂሳቡ መጠን ሳይሆን ነገሩን ሊያይ የሚችል ሌላ ዓይን አለመኖሩ ነው። በ1961 በቪየና የተፈረመው የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት በ22ኛው አንቀጹ የሚስዮኑን ቅጥር ግቢ የማይደፈር አድርጎታል፤ የተቀባዩ አገር ፖሊስም ሆነ መርማሪ ያለ ሚስዮኑ መሪ ፈቃድ አይገባበትም። ስለዚህ ከአጥሩ በስተጀርባ የሚሆነውን መመርመር የሚችለው ላኪው መንግሥት ብቻ ነው። ላኪው መንግሥት ደግሞ ሩቅ ነው።

በትልቅ ኤምባሲ ውስጥ ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች፣ በርካታ ኃላፊዎችና የሂሳብ ሠራተኞች ስላሉ አንዱ የሌላውን ስሕተት ሊያይ ይችላል። በትንሽ ሚስዮን ግን ግዢውን የሚጠይቀው፣ የሚያጸድቀውና ዕቃውን የሚረከበው አንድ ሰው የሚሆንበት ጊዜ አለ። አቤቱታ ያለው ጸሐፊ ወይም ሹፌር አቤት ሊል የሚሄደው ጠዋት ወደ ገሠጸው ወደዚያው ቢሮ ነው። በአገሩ የተቀጠረ ሠራተኛ ከሆነማ አለቃው በሦስት ዓመት ይቀየር ይሆናል፤ እሱ ግን እስኪያረጅ እዚያው የሚኖር ነውና ዝምታን ይመርጣል።

አሜሪካውያን ይህን የተረዱት ቀደም ብለው ነው። በ1906 ምክር ቤታቸው ባወጣው ሕግ አምስት ተዘዋዋሪ ዋና ቆንስሎች ተሾመው፣ በየአገሩ ያሉትን ቆንስላዎች ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ እንዲጎበኙ ታዘዘ። የ1980ው የውጭ አገልግሎት ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ ሚስዮን ቢያንስ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመር ደነገገ፤ ነገር ግን ምክር ቤቱ ራሱ ይህን ግዴታ በየጊዜው በበጀት ሕግ ሲያነሣው ኖሯል።

የምርመራው አሠራር ቀላል ነው። ቡድኑ ወደ ስፍራው ከመሄዱ አስቀድሞ ለሠራተኞቹ በምስጢር የሚያዝ መጠይቅ ይልካል፤ ብዙ ጊዜም ቡድኑን የሚመራው ቀድሞ አምባሳደር የነበረ ሰው ነው። ስፍራው ሲደርስ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ያነጋግራል። መዝገብና ደረሰኝ ብቻ ቢመረመር ኖሮ የሉክሰምበርጉ ጉዳይ አንድ የመጠጥ ግዢ ሆኖ በቀረ ነበር። ወደ ባግዳድ ለመሄድ የፈለጉት ሰዎች ምክንያት የታወቀው ሰው ስለተጠየቀ ነው።

ሰውን የመጠየቅ ሥርዓት ለሙስሊም አንባቢ እንግዳ አይደለም። የኩፋ ሰዎች በአሚራቸው በሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ላይ ክስ ባቀረቡ ጊዜ ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) ሰዕድን ከሥልጣን አንሥተው ወደ መዲና ጠሩት። ቃሉን ከሰሙ በኋላም በዚያ አልበቃቸውም፤ ሰው ወደ ኩፋ ልከው በየመስጂዱ ስለ አሚሩ እንዲጠየቅ አደረጉ። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን መሰል ተልእኮ የሚሰጠው ለሙሐመድ ኢብን መስለማ (ረ.ዐ) እንደነበር ይናገራሉ። ከአንድ መስጂድ በቀር ሁሉም ስለ ሰዕድ መልካም መሰከሩ። ዑመርም በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ ሰዕድን ያነሡት በአቅም ማነስ ወይም በክህደት እንዳልነበረ ገለጡ፤ ተተኪውን ኸሊፋ ከሚመርጡት ስድስት ሰዎችም አንዱ አደረጉት። ምርመራው ሹሙን ከሐሜት ያነጻበት አጋጣሚ ነበር፤ ዛሬ ስለ ቁጥጥር ሲነገር የሚዘነጋው ይህኛው ወገን ነው።

ሁሉም ምርመራ ግን እንዲህ ጥርት ያለ አይደለም። በዚያው በ2011 ጸደይ በማልታ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት የሕግ መምህሩ ዳግላስ ከሚክ ተመሳሳይ ሪፖርት ወጣባቸው። መርማሪዎቹ በማልታ ሕዝብ ዘንድ የተከበሩ መሆናቸውን አልካዱም። ነገር ግን ስለ ሃይማኖት በሚጽፉት ጽሑፍና በሚያደርጉት ንግግር የሥራ ሰዓታቸውን ያጠፋሉ ሲሉ ነቀፏቸው። ከሚክ በበኩላቸው በሃይማኖቶች መካከል መቀራረብን ማስፋት ከፕሬዚዳንቱ የተቀበሉት አደራ መሆኑን ተናግረው፣ በሚያዝያ ወር ሥራቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ። ሪፖርቱ ይፋ ከመሆኑ ከሳምንታት በፊት ከሊቢያ ጦርነት የሸሹ ከ300 በላይ ሰዎችን የያዘች ጀልባ ከትሪፖሊ ተነሥታ ማዕበል ካዘገያት በኋላ ቫሌታ ወደብ ደርሳ ነበር፤ የተቀበላቸውም ይኸው ትንሽ ሚስዮን ነው። በእስልምናና በክርስትና ዓለም መካከል ባለች ደሴት ስለ ሃይማኖት መናገር ከዲፕሎማት ሥራ ውጭ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በዚህ ረገድ መርማሪዎቹ ከደንቡ አልፈው ያዩ አይመስልም።

ተቆጣጣሪውን ማን ይቆጣጠራል የሚለውም አብሮ ይነሣል። ሁለቱ ሪፖርቶች በወጡበት ጊዜ ጽሕፈት ቤቱ ቋሚ ኃላፊ አልነበረውም፤ ከ2008 መጀመሪያ እስከ 2013 መስከረም በተጠባባቂ ሲመራ ቆይቷል። በ2013 የተሾሙት ስቲቭ ሊኒክም በግንቦት 2020 በፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ከሥልጣን ተነሥተዋል፤ እንዲነሡ የጠየቁትም የሚመረምሩት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ማይክ ፖምፔዮ ነበሩ።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን ጉዳይ ከሩቅ የሚመለከተው አይደለም። ከ2013 ኅዳር ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ፣ የጉዞ ሰነድ የሚያዘጋጀው ሚስዮን የተቋቋመው ለዕለት ተዕለት ሥራ እንጂ ለእንዲህ ዓይነት ጎርፍ አልነበረም። በ2021 ክረምት ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ወጪን ለመቀነስ ከ60 ከሚበልጡት ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች ቢያንስ 30 ያህሉ መዘጋት እንዳለባቸው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተናግረዋል። ሚስዮን ሲቀንስ የቀሩት የሚሸከሙት ሥራ ይጨምራል፤ ቆንስላውም ለአንድ የቤት ሠራተኛ በባዕድ አገር ያላት ብቸኛ የመንግሥት ደጃፍ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 101 መሠረት ዋናው ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ መርምሮ ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል፤ ሚስዮኖቹም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አካል ናቸው። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ሂሳብና ስለ ወጪ ነው፤ በኩፋ መስጂዶች የቀረበው ዓይነት ጥያቄ በቆንስላው በር ላይ ለተሰለፈው ሰው ይቅረብ የሚል ቃል የለበትም።